ኮንሶል እያረጀ ለምን ይወደዳል?

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ትንሽ ከታገሡ ዋጋው ይወርዳል። የጌም ኮንሶል ደግሞ ይህን ልማድ ከማንም በላይ የጠበቀ ዕቃ ነበር። ሲወጣ መግዛት ያልቻለ ሰው ጥቂት ዓመት ጠብቆ ያንኑ ማሽን በግማሽ ዋጋ ይገዛው ነበር።

በ2025 የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ማይክሮሶፍት በ2020 በ500 ዶላር ያወጣውን ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በሜይ ወደ 600፣ በኦክቶበር ደግሞ ወደ 650 ዶላር ከፍ አደረገው። ታናሽየው ሲሪስ ኤስ ከ300 ተነስቶ 400 ገባ። ሶኒ በኦገስት የፕሌይስቴሽን 5ን ዋጋ ከ500 ወደ 550 አሳደገ። ኒንቴንዶ ሳይቀር በ2017 ያወጣውን የመጀመሪያውን ስዊች ከ300 ወደ 340 ዶላር ጨመረበት። ይሄ እንግዲህ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ተተኪውም ገበያ ላይ የዋለ ማሽን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ዋጋዎቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ የአሜሪካ ገበያ ናቸው። ሳንቲሞቹን አጠጋግቻለሁ።)

ስለ ጉዳዩ የሚባለው ብዙ ነው። አንዱ ታሪፍ ነው ይላል። ሌላው ግሽበት ነው ይላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሜሞሪውን ጠራርጎ ስለወሰደው ነው የሚልም አለ። በቃ ስግብግብነት ነው ብሎ የሚደመድምም አይጠፋም። አራቱም ውስጥ እውነት አለ። ግን አራቱም ባይኖሩ እንኳ ዋጋው እንደ ድሮው አይወርድም ነበር ብዬ አምናለሁ። ዋጋን ወደ ታች ይጎትት የነበረው ኃይል ራሱ ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ ደክሟልና። እሱ ብዙም አይወራለትም። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ድሮ እንዴት ነበር የሚወርደው?

ኮንሶል በዋናነት ጌም ለማጫወት የተሠራ ኮምፒውተር ነው። ከተራ ኮምፒውተር የሚለየው አለመለወጡ ነው። በወጣበት ቀን የነበረው አቅም ከሰባት ዓመት በኋላም ያው ነው። ጌም ሠሪዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ በአንዱ ላይ በደንብ የሠራ ጌም በሁሉም ላይ ይሠራል።

የንግዱ ስሌትም ለየት ይላል። ኩባንያው ከማሽኑ ብዙ አያተርፍም፤ አንዳንዴም ይከስርበታል። ገንዘቡ የሚመጣው ከጌሞቹ ነው። በኮንሶሉ የኦንላይን መደብር ከሚሸጥ ጌም ላይ የመደብሩ ባለቤት የሚወስደው የተለመደ ድርሻ 30 በመቶ ነው። በሜይ 2021 ጌም ሠሪው ኤፒክ ጌምስ አፕልን በከሰሰበት ችሎት ላይ የማይክሮሶፍት ኃላፊዋ ሎሪ ራይት ስለዚሁ ተጠይቀው ነበር። ኩባንያው ከኤክስቦክስ ማሽን ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ መሰከሩ።

ታዲያ ከማሽኑ የማያተርፍ ኩባንያ እንዴት ዋጋ ይቀንሳል? መልሱ ማሽኑን የሚሠራበት ወጪ ከዓመት ዓመት ይቀንስለት ስለነበር ነው።

ፕሌይስቴሽን 2ን እንይ። በኦክቶበር 2000 በ300 ዶላር ወጣ። በሜይ 2002 200 ሆነ። በ2004 150፣ በ2006 130፣ በ2009 100 ዶላር ገባ። የተለወጠው ዋጋው ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ሲወጣ ስሌት የሚሠራው ቺፕና ምስል የሚሠራው ቺፕ ለየብቻ ነበሩ። በኋላ ሁለቱ በአንድ ቺፕ ላይ ተዋሃዱ። ቺፑ ሲያንስ የሚበላው ኤሌክትሪክ ቀነሰ። ኤሌክትሪኩ ሲቀንስ ሙቀቱ ቀነሰ። ሙቀቱ ሲቀንስ ማቀዝቀዣው አነሰ። ማቀዝቀዣው ሲያንስ ሳጥኑ አነሰ፤ ሳጥኑ ሲያንስ በአንድ ኮንቴይነር የሚጫነው ብዛት ጨመረ። በ2004 የወጣው ቀጭኑ ሞዴል ከመጀመሪያው አጠገብ ሲቀመጥ ወፈር ያለ መጽሐፍ ይመስላል። ይሄ ሁሉ ቁጠባ የተጀመረው ከጥፍር የማይበልጥ ሲሊከን ላይ ነው።

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 ሁለት ዋና ቺፖች ነበሩት፤ በ2010ሩ ሞዴል አንድ ሆኑ። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ሲወጣ በ500 እና በ600 ዶላር ነበር፤ ብዙ ሰው ተቆጥቶበታል። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቀጭኑ ሞዴል በ300 ዶላር ተሸጠ።

ክቡ ዝርግ

ቁጠባው ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ቺፕ የሚሠራበትን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ቺፕ አንድ በአንድ አይሠራም። ዌፈር በሚባል፣ ከሲሊከን በተቆረጠ ስስ ክብ ዝርግ ላይ ብዙ ቺፖች አብረው ይታተማሉ። ዛሬ ለእንዲህ ያሉ ቺፖች የሚያገለግለው ዌፈር ከዳር እስከ ዳር 300 ሚሊሜትር ነው፤ የአንድ ተማሪ ማስመሪያ ርዝመት። ቺፖቹ አራት ማዕዘን፣ ዌፈሩ ግን ክብ ነው። ስለዚህ ጠርዝ ላይ የሚያርፉት ጎደሎ ሆነው ይባክናሉ።

አሁን ቁጥር እናስገባ። የኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ዋና ቺፕ ስፋቱ 360 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በውስጡ 15.3 ቢሊዮን ትራንዚስተር አለ። ትራንዚስተር ማለት የኤሌክትሪክ ምልክትን የሚያበራና የሚያጠፋ እጅግ ትንሽ ማብሪያ ነው። የጠርዙን ብክነት ቀንሰን ስናሰላ በአንድ ዌፈር ላይ 160 ያህል እንዲህ ያሉ ቺፖች ይገባሉ። ያንኑ ቺፕ በግማሽ ስፋት መሥራት ቢቻልስ? 340 ያህል ይገባል። ትንንሽ ካሬዎች ጠርዙን በደንብ ስለሚጠቀሙበት ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ሌላም ጥቅም አለው። ዌፈር ላይ እዚህም እዚያም ጥቃቅን እንከን ይወድቃል። ቺፑ ትልቅ ሲሆን እንከኑ እሱ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል። ኮንሶል ሠሪዎች ለዚህ መላ አላቸው። የፕሌይስቴሽን 3 ዋና ቺፕ ላይ ስምንት ረዳት ክፍሎች ታትመው ሥራ ላይ እንዲውሉ የተፈለጉት ሰባቱ ብቻ ነበሩ። አንዱ ቢበላሽ ቺፑ አይጣልም። በፕሌይስቴሽን 5ም ከ40 የግራፊክስ ክፍሎች የሚሠሩት 36ቱ ናቸው፤ በሲሪስ ኤክስ ከ56ቱ 52ቱ። መላው ጥሩ ነው፤ ግን ቺፑ ራሱ ሲያንስ የሚገኘውን ያህል አይሰጥም።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው የሚደክመው ለዌፈሩ ነው። 160 ቺፕ ቢወጣበትም 340 ቢወጣበትም ለዌፈሩ የሚፈጀው ሥራና ወጪ ያው ነው። የዌፈሩ ዋጋ እስካልናረ ድረስ ትራንዚስተሩን ማሳነስ ማለት የአንዱን ቺፕ ዋጋ መቁረጥ ማለት ነው።

ለአሥርት ዓመታትም እንደዚያ ሆኗል። የቺፕ አምራቹ ኢንቴል መሥራች ከሆኑት አንዱ ጎርደን ሙር በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚያርፈው የትራንዚስተር ብዛት በየጊዜው እንደሚያድግ ተነበዩ። በ1975 ግምታቸውን አስተካክለው በየሁለት ዓመቱ እጥፍ ይሆናል አሉ። ይህ ነው የሙር ሕግ የሚባለው። ሕግ ይባል እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ኢንዱስትሪው እንደ ግብ ይዞ የሮጠበት ትንበያ ነው። በዚህ ሩጫ እያንዳንዱ እርከን በናኖሜትር ይጠራል፦ 90፣ 65፣ 45፣ 28 እያለ። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ቁጥሩ ድሮ ከትራንዚስተሩ ልክ ጋር ይቀራረብ ነበር። ዛሬ ግን የትውልድ ስም ብቻ ሆኗል። 7 ናኖሜትር በሚባል ቺፕ ላይ 7 ናኖሜትር የሚለካ ትራንዚስተር አይገኝም።

ቁጠባው የት ላይ ቆመ?

ማሳነሱ አልቆመም። ትራንዚስተር ዛሬም እያነሰ ነው። የተለወጠው ማሳነስ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።

አዳዲሶቹ እርከኖች በኢዩቪ ብርሃን የሚያትሙ ማሽኖች ይፈልጋሉ። ኢዩቪ ከሚታየው ብርሃን እጅግ ያጠረ ሞገድ ያለው ጨረር ነው። እነዚህን ማሽኖች በዓለም ላይ የሚሠራው የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ሲሆን የአንዱ ዋጋ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የሥራው ደረጃም በዝቷል፤ ፋብሪካ መትከሉም በቢሊዮኖች የሚቆጠር ሆኗል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ዌፈሩ ላይ ነው። ከአንድ ዌፈር የሚወጣው ቺፕ እጥፍ ሲሆን የዌፈሩም ዋጋ እጥፍ ከሆነ ገዢው ምንም አልተረፈውም።

ሁለተኛው ችግር ቺፑ ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል አለማነሱ ነው። ቺፕ የአንድ ዓይነት ትራንዚስተሮች ክምር አይደለም። አንዱ ክፍል ስሌት ይሠራል፤ እሱ አሁንም ደህና ያንሳል። ሌላው ኤስራም የሚባል፣ ቺፑ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ ነው። ይሄኛው ማነሱን ሊያቆም ምንም አልቀረውም። ግዙፉ የታይዋን ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ከ5 ናኖሜትር ወደ አንዱ የ3 ናኖሜትር ዓይነቱ ሲሸጋገር የኤስራም ሴሉ ስፋት ያው ነበር። ሦስተኛው ክፍል ቺፑን ከውጭው ሜሞሪ ጋር የሚያገናኘው በጠርዙ ያለ ሽቦ መያዣ ነው። እሱም እምብዛም አይጨመቅም። የኮንሶል ቺፕ ደግሞ ሁለቱም በብዛት አሉበት፤ ምስል በፍጥነት ለመሥራት ከሜሞሪ ጋር ሰፊ መንገድ ያስፈልገዋልና።

በዚህ ጉዳይ ላይ የዘርፉ ሰዎች ራሳቸው አይስማሙም። በሴፕቴምበር 2022 የግራፊክስ ቺፕ ኩባንያው የኤንቪዲያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጀንሰን ሁዋንግ አዲሶቹ የግራፊክስ ካርዶች ለምን ተወደዱ ተብለው ተጠየቁ። የሙር ሕግ ሞቷል፣ ዌፈር ተወዷል፣ ቺፕ በጊዜ ብዛት ይረክሳል ማለት ያለፈ ታሪክ ነው አሉ። በዚያው ወር በጊዜው ኢንቴልን ይመሩ የነበሩት ፓት ጌልሲንገር የሙር ሕግ በሕይወት አለ ብለው ተናገሩ። ሁለቱም ጥቅም አላቸው። ሁዋንግ የሚሸጡትን ካርድ ዋጋ መከላከል ነበረባቸው፤ ጌልሲንገር ደግሞ የኢንቴልን ፋብሪካዎች እያስፋፉ ነበር። እኔ እንደማየው ግን ንግግራቸው የሚመስለውን ያህል አይጋጭም። ጌልሲንገር ስለ ትራንዚስተር ብዛት፣ ሁዋንግ ስለ ዋጋ ነው ያወሩት። ብዛቱ ይቀጥላል። ርካሽነቱ ነው አብሮት መሄድ ያቃተው።

ፕሌይስቴሽን 5 ይህን በተግባር ያሳያል። ሲወጣ ቺፑ በ7 ናኖሜትር ነበር የተሠራው። በ2022 ወደ 6 ተሸጋገረ፤ ይህም የ7 የተሻሻለ ዓይነት እንጂ ሙሉ እርከን አይደለም። ቺፑ የአንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ አነሰ። ማሽኑም ቀለለ፤ 4.5 ኪሎ ይመዝን የነበረው በ2023 ቀጭኑ ሞዴል ሲመጣ 3.2 ኪሎ ሆነ። ካርቶኑና ጭነቱ ላይ ቁጠባ አለ ማለት ነው። ዋጋው ግን አልወረደም። ዲስክ ማጫወቻ የሌለው ሞዴል እንዲያውም በዚያን ጊዜ ከ400 ወደ 450 ወጣ፤ በ2025 ደግሞ 500 ሆነ። በፕሌይስቴሽን 3 ጊዜ ቺፑ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ90 ወደ 65፣ ከዚያ ወደ 45 ናኖሜትር ወርዶ ነበር። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ማይክሮሶፍት በ2020 ትልቁንና ትንሹን ማሽን በአንድ ጊዜ ማውጣቱም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። ርካሽ ማሽን ጠብቆ የማይገኝ ከሆነ ከመጀመሪያው አሳንሶ መሥራት ነው። ሲሪስ ኤስ ሜሞሪው 10 ጊጋባይት፣ የግራፊክስ አቅሙም የታላቁን ሲሶ ያህል ሆኖ የወጣው ለዚህ ነው።

ሜሞሪውን ማን ወሰደው?

ከቺፑ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ሜሞሪ ነው። እዚህም የድሮው ቅናሽ ከኤአይ ወሬ ቀድሞ ቀዝቅዞ ነበር። የፕሌይስቴሽንን ትውልዶች ብንቆጥር ይታያል። ፕሌይስቴሽን 2 ዋና ሜሞሪው 32 ሜጋባይት ነበር። ፕሌይስቴሽን 3 በድምሩ 512 ሜጋባይት፣ ፕሌይስቴሽን 4 8 ጊጋባይት ይዘው መጡ። በሁለቱም ሽግግር 16 እጥፍ አድጓል። ፕሌይስቴሽን 5 ግን 16 ጊጋባይት ነው ያለው፤ ሁለት እጥፍ ብቻ። መሐንዲሶቹ ብዙ ሜሞሪ ጠልተው አይደለም። በሚፈለገው ዋጋ አልገኝ ብሎ ነው።

ከዚያ ኤአይ መጣ። የኤአይ ሰርቨሮች ኤችቢኤም የሚባል ሜሞሪ ይጠቀማሉ። የሜሞሪ ቺፖች እንደ ፎቅ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው የሚሠሩበት፣ መረጃ እጅግ በፍጥነት የሚያስተላልፍ ዓይነት ነው። የሚያተርፍም ዕቃ ነው። ችግሩ የሚወስደው ቦታ ነው። ሜሞሪ አምራቹ ማይክሮን እንደገለጸው ተመሳሳይ መጠን ያለው ኤችቢኤም ለመሥራት የሚያስፈልገው ዌፈር ከተራው ሜሞሪ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ዲራም የሚባለውን፣ የኮምፒውተርና የኮንሶል ዋና ሜሞሪ የሚሠራበትን ዓይነት በአብዛኛው የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ሦስቱ ፋብሪካቸውን ወደዚያ ሲያዞሩ ለሌላው የሚቀረው ይሳሳል። በ2025 መጨረሻ የሜሞሪ ዋጋ ሽቅብ ተተኮሰ። በዲሴምበር ማይክሮን ለተራው ገዢ ሜሞሪ የሚሸጥበትን ክሩሻል የተባለ ንግዱን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ኮንሶል ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሜሞሪ የሚገዙት በውል ስለሆነ ንረቱ ወዲያው አይመታቸውም። ውሉ ሲያልቅ ግን አዲሱ ዋጋ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ የ2025ቱን ጭማሪ ሁሉ በሜሞሪው ማሳበብ ትክክል አይመስለኝም። የሜይና የኦገስቱ ጭማሪ ከትልቁ የሜሞሪ ንረት በፊት የመጣ ነው። የሜሞሪው ዕዳ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ታሪፍና ግሽበት

ታሪፍ መንግሥት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጥለው ቀረጥ ነው። በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ መንግሥት በብዙ አገሮች ላይ ከፍ ያለ ታሪፍ ሲያውጅ ለቬትናም የተጠራው 46 በመቶ ነበር። ኮንሶሎች የሚገጣጠሙት በአብዛኛው ቻይናና ቬትናም ነው። ኒንቴንዶ ወዲያው የስዊች 2ን ቅድመ ሽያጭ በአሜሪካ አዘገየ። በኋላ ማሽኑን በ450 ዶላር ዋጋው አጽንቶ የአንዳንድ መለዋወጫዎቹን ዋጋ ጨመረ። የታሪፉ ጫና እውነተኛ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ሶኒ የፕሌይስቴሽን 5ን ዋጋ የጨመረው በ2025 ብቻ አይደለም። በኦገስት 2022 በአውሮፓ ከ500 ወደ 550 ዩሮ አሳድጓል። በጃፓንም ጨምሯል። እዚያ በ2020 ከነግብሩ 55 ሺህ የን የነበረው ማሽን በ2024 80 ሺህ ገባ። ያኔ የ2025ቱ የአሜሪካ ታሪፍ አልነበረም። ከየኑ መዳከም ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ ድሮ ቢሆን የማምረቻው ወጪ መቀነስ ያንን ድክመት ይሸፍነው ነበር። አሁን የሚሸፍን ነገር የለም።

የግሽበቱ ክርክር ከበድ ያለ ነው፤ በደንብ ሊታይ ይገባል። በአሜሪካ የዋጋ መለኪያ ሲሰላ የ2000ው 300 ዶላር በ2025 560 ዶላር ያህል ነው። በ2025 ፕሌይስቴሽን 5 ከተሸጠበት ዋጋ ብዙም አይርቅም። የ2020ው 500 ዶላር ደግሞ 620 ያህል ይሆናል። በዚህ ዓይን ካየነው ባለ ዲስኩ ፕሌይስቴሽን 5 በ2025 በእርግጥ በትንሹ ረክሶ ነበር፤ የተወደዱት ሁለቱ የኤክስቦክስ ማሽኖች ናቸው። ተወደደ የሚለው ጩኸት የገንዘቡን መርከስ ረስቷል የሚሉ ሰዎች እዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

ግን የ2000ውን መነሻ ዋጋ ከ2025ቱ ጋር ማወዳደር ሌላ ነው፤ እኩል ዕድሜ ያላቸውን ማሽኖች ማወዳደር ሌላ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 በአምስተኛ ዓመቱ 150 ዶላር ነበር። በ2025 ገንዘብ 250 አይሞላም። ፕሌይስቴሽን 5 በአምስተኛ ዓመቱ 550 ነበር። ከእጥፍ በላይ። ግሽበት ኮንሶል ለምን በ500 ዶላር እንደሚጀምር ያስረዳል። ለምን እዚያው እንደሚቀር ግን አያስረዳም።

ፉክክሩስ?

ወጪ አንድ ነገር ነው፤ ዋጋ የሚወስነው ግን ሰው ነው። በሜይ 2002 የሆነውን እናስታውስ። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ወደ 200 ዶላር አወረደ። በማግስቱ ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን ወደ 200 አወረደ። ከዚያ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ኒንቴንዶ ጌምኪዩብን ወደ 150 አወረደ። ማንም ወጪው በዚያች ሳምንት አልቀነሰለትም። ሌላው ስለቀነሰ ነው የቀነሱት።

ያ ዓይነቱ ግፊት ዛሬ ላልቷል። ሶኒ እስከ ሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ 84.2 ሚሊዮን ፕሌይስቴሽን 5 ለገበያ ማቅረቡን አስታውቋል። ማይክሮሶፍት የሸጠውን ማሽን ብዛት መናገር ከተወ ቆይቷል። ከዚያም አልፎ የራሱን ጌሞች ወደ ፕሌይስቴሽን እያመጣ ነው። ፎርዛ ሆራይዘን 5 እና ጊርስ ኦፍ ዋር በ2025 ወጥተዋል፤ ለሃያ ዓመታት የኤክስቦክስ መለያ የነበረው ሄሎም ለ2026 ታውጇል። ተፎካካሪው ጌሙን የሚሸጥልህ ከሆነ ማሽንህን የምታረክስበት ምክንያት ይቀንሳል።

ስግብግብነት ነው የሚሉ ሰዎች መነሻቸው ይሄ ነው። ማስረጃም አላቸው። ሶኒ ገና በ2021 ባለ 500 ዶላሩ ፕሌይስቴሽን 5 ኪሳራ ማምጣቱን እንዳቆመ ተናግሯል። በኖቬምበር 2025 ደግሞ በጃፓን ቋንቋ ብቻ የሚሠራ ሞዴል በ55 ሺህ የን ለጃፓን ገበያ አቀረበ። ሲፈልግ ማውረድ ይችላል ማለት ነው። ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም ኩባንያዎቹ በ2002ም ትርፍ ፈላጊ ነበሩ። በኩባንያዎቹ ባሕርይ ላይ የመጣ ለውጥ የለም። ያን ጊዜ ዋጋ ቀንሶም የማይጎዳበት ሰፊ ቦታ ነበራቸው፤ ቺፑ በየዓመቱ ያሰፋላቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው

የመጀመሪያው ውጤት የዘገየው ገዢ መጥፋቱ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው በ300 ዶላር አይደለም። በ150ና በ100 ዶላር ጊዜ የመጡት ልጆች፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦችና አገሮች ናቸው ቁጥሩን ያሳደጉት። ብዙ ሰው ጌም የጀመረው በዚያ በር ነው። በሩ አሁን እየጠበበ ነው።

ሁለተኛው የዲስኩ ነገር ነው። በኖቬምበር 2024 በ700 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ዲስክ ማጫወቻ የለውም፤ የፈለገ ለብቻው ይገዛዋል። ማጫወቻውን ማውጣት ለአምራቹ ጥሩ ቁጠባ ነው። ለገዢው ግን ያገለገለ ዲስክ መግዛት፣ መዋስ፣ ተጫውቶ መሸጥ አብሮ ይቀራል። ማሽኑ ላይ የዳነው ገንዘብ ጌሙ ላይ ይከፈላል።

በየወሩ እየከፈሉ መጫወት መውጫ ይሆናል የሚሉ አሉ። ለጊዜው ያ ተስፋ ጠንካራ አይደለም። ጌም ፓስ አልቲሜት የተባለው የማይክሮሶፍት ወርሃዊ አገልግሎት በኦክቶበር 2025 ከ20 ወደ 30 ዶላር በወር ገባ።

የማሽኖቹ ዕድሜም መርዘሙ አይቀርም። ይህ መጥፎ ብቻ አይደለም። የገዛኸው ማሽን ቶሎ አያረጅብህም። ጌም ሠሪውም ያለውን አቅም አሟጦ ለመጠቀም ጊዜ ያገኛል።

የሚቀጥለው ትውልድ ምን እንደሚመስል በጥቂቱ መታየት ጀምሯል። ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ምስሉን በትንሽ መጠን ሠርቶ በማሽን ትምህርት (ኮምፒውተር ከብዙ ምሳሌ በሚማርበት ዘዴ) የሚያሳድግ ፒኤስኤስአር የተባለ ዘዴ ይዞ መጥቷል። ሙሉውን ምስል ለመሥራት የሚያስፈልገውን ጉልበት ቺፕ ጨምሮ ከመግዛት ከፊሉን በግምት መሙላት ማለት ነው። በኦክቶበር 2025 የፕሌይስቴሽን ዋና መሐንዲስ ማርክ ሰርኒና የቺፕ ኩባንያው የኤኤምዲ ባልደረባ ጃክ ሁይን አብረው እየሠሩባቸው ስላሉ ቴክኖሎጂዎች በቪዲዮ ቀርበው ነበር። ሰርኒ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚመጣ ኮንሶል ላይ ሊያዩዋቸው እንደሚጓጉ ተናገሩ። ከተነሱት ሦስት ነገሮች አንዱ በቺፑና በሜሞሪው መካከል የሚመላለሰውን መረጃ ሁሉ መጭመቅ ነው። ባለው መንገድ ላይ ብዙ መረጃ እንዲያልፍ፣ መንገዱን ራሱ ማስፋት ሳያስፈልግ።